የተማሪ ቃል ምስክርነት ነው ወይስ ፍርድ?
(ኮሌጅ ለመምረጥ ስለሚያገለግሉ የተማሪ አስተያየቶች የቀረበ ሂስ)

መግቢያ

ወደ ከፍተኛ ትምህርት ለመግባት የሚዘጋጅ ወጣት ስለሚገባበት ተቋም ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው ተቋሙ ስለ ራሱ የሚናገረው ነው፤ ይህም በመግለጫ መጽሔት፣ በምዝገባ ማስታወቂያና በምረቃ በዓል ንግግር የሚቀርብ፣ ቃሉ የተመረጠ፣ ጉድፉ የተጠረገ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ተቋም ሲማር የቆየ ታላቅ ወንድም፣ የጎረቤት ልጅ ወይም የቀድሞ ጓደኛ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያወራው ነው። ይህኛው ያልታረመ፣ አንዳንዴ የተጋነነ፣ አንዳንዴም በቂም የተበከለ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ መግለጫው የማይነግረውን ብዙ ነገር ይነግራል።

በትምህርት ዕቅድ ሥራ ላይ የተሰማራን ሰዎች ሁለተኛውን ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ «ወሬ» ብለን እናልፈዋለን። ወጣቱ በበኩሉ ይህንኑ ድምፅ ከማናቸውም የታተመ ጽሑፍ አብልጦ ያምነዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም ወገኖች በከፊል መሳሳታቸውን ማሳየት፣ ግልጽ የተማሪ አስተያየት በምን ረገድ ሊታመን እንደሚችልና በምን ረገድ እንደማይችል መመርመር፣ በመጨረሻም በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆቻችን ሊሠራበት የሚችል ሐሳብ ማቅረብ ነው።

፩. የቆየ ልማድ

ተማሪ የትምህርት ስፍራውን በተማሪ ቃል መምረጡ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ሲሠራበት የኖረውን ማስታወስ ይበቃል። የቆሎ ተማሪ ቅኔ ለመማር ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ፣ ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙራምባ፣ አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር ሲጓዝ የታተመ መግለጫ በእጁ አልነበረም። የሚመራው ቀድሞት የሄደ ተማሪ የነገረው ቃል ነበር።

ያም ቃል ሲመረመር የሚያተኩረው በተጨባጭ ነገሮች ላይ ነው። መምህሩ ትዕግሥተኛ ናቸው ወይስ ቁጡ፤ ተማሪ ሲበዛ ተራው ቶሎ ይደርሳል ወይስ ቀኑን ሙሉ ያስጠብቃል፤ የአገሩ ሰው ቁራሽ ይሰጣል ወይስ ውሻ ይለቃል፤ ውሃው ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ፤ ወባ አለ ወይስ ደጋ ነው፤ ነባሩ ተማሪ አዲሱን ያስጠናዋል ወይስ አይዞህ ባይ የለም። እነዚህን ነገሮች ከተማሪው የተሻለ የሚያውቃቸው የለም። ስለ መምህሩ የዕውቀት ጥልቀት የሚመሰክሩት ግን መንገዱን የጨረሱ ሊቃውንት ነበሩ። ገና ጉባኤ ቃና የሚቆጥር ደቀ መዝሙር ስለ ሥላሴና ስለ መወድስ አያያዝ ፍርድ ይስጥ አይባልም።

እንግዲህ የድሮው ልማድ አንድ ልዩነት ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል። ተማሪው በኖረበት ነገር ምስክር ነው፤ ገና ባልደረሰበት ነገር ግን ዳኛ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርቡት ሌሎች ተሞክሮዎች ሁሉ የሚመዘኑት በዚህ ልዩነት ነው።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ከተቋቋመ በኋላም ልማዱ አልጠፋም። የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ከተመሠረተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይላኩ ነበር፤ ብዙዎቹም በትምህርት ቤቶች ያስተምሩ ነበር። አዲስ አበባን አይቶ ለማያውቅ የክፍለ አገር ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚመስል የነገሩት እነዚህ ወጣቶች ናቸው። የአገልግሎቱ ዓላማ ይህ ባይሆንም ከውጤቶቹ አንዱ ይህ ነበር።

፪. የተማሪ ቃል በመጽሐፍ ሲታተም

የተማሪን ቃል ሰብስቦ ለአመልካቾች ማሳተም በይበልጥ የተስፋፋው በአሜሪካ ነው። የሃርቫርድ ተማሪዎች ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ዩኒቨርሲቲው ኮርሶች የተማሪዎችን ግልጽ ግምገማ የያዘ መመሪያ ማውጣት ጀመረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የዬል ዩኒቨርሲቲ ዕለታዊ የተማሪዎች ጋዜጣ አዘጋጆች በአገሪቱ ስላሉት ልዩ ልዩ ኮሌጆች በየተቋሙ ያሉትን ተማሪዎች እየጠየቁ አንድ የመምረጫ መጽሐፍ አዘጋጁ። በ1982 የኒው ዮርክ ታይምስ የትምህርት አዘጋጅ የነበሩት ኤድዋርድ ፊስክ ከአስተዳደሮችና ከተማሪዎች በመጠይቅ የተሰበሰበ መረጃ ይዘው ሌላ መመሪያ አሳተሙ፤ በዚህም መጽሐፍ ኮሌጆቹ በትምህርታቸው፣ በማኅበራዊ ኑሯቸውና በአኗኗር ምቾታቸው ደረጃ ተሰጣቸው።

እነዚህ መጻሕፍት ያበረከቱትን ጥቅም መካድ አይገባም። ከእነርሱ በፊት ከሩቅ የሚያመለክት ተማሪ፣ በተለይም በቤተሰቡ ውስጥ ኮሌጅ የገባ ሰው የሌለው፣ ከተቋሙ የራስ ውዳሴ በቀር የሚያነበው ብዙ አልነበረውም። የታላቅ ወንድምን ምክር፣ ታላቅ ወንድም ለሌለው ሁሉ ማድረሳቸው ትልቁ አገልግሎታቸው ነው። ትልልቅ የመማሪያ አዳራሾችን የሚያስተምረው ፕሮፌሰሩ ይሁን ረዳቱ፣ ቅዳሜና እሑድ ግቢው ባዶ ይሆን እንደሆነ፣ ከገጠር የመጣ ልጅ ምን እንደሚሰማው፣ እነዚህን የመሳሰሉ ነገሮች በይፋ መግለጫ ላይ ቦታ የላቸውም።

ሆኖም ሦስት ጉድለቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው የተናጋሪው ማንነት ነው። በሺሕ ከሚቆጠሩ ተማሪዎች መካከል ጥቂቶች ይናገራሉ፤ እነርሱም አብዛኛውን ጊዜ እጅግ የተደሰቱ ወይም እጅግ የተቆጡ ናቸው። ሁለተኛው የአዘጋጁ ፍላጎት ነው። አንድ አስቂኝ ወይም ቆንጣጭ ዐረፍተ ነገር ከአሥር ሚዛናዊ ቃል ይልቅ ለመጽሐፍ ይመቻል፤ ስለዚህም ብልጭ የሚለው ይታተማል፤ እውነተኛው ግን ደብዛዛው ይቀራል። ሦስተኛውና በዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እምነት ከሁሉ የከፋው፣ ትምህርቱን አቋርጦ የወጣ ተማሪ ድምፅ አለመኖሩ ነው። ጠያቂው ወደ ግቢ ሲሄድ የሚያገኘው የቀሩትን ነው። ተቋሙ ያልተስማማው፣ ገንዘብ ያለቀበት፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር የተሰናከለ ተማሪ አይጠየቅም፤ ከመግባቱ በፊት ሊያስጠነቅቅ የሚችለው ቃል ግን በእርሱ ዘንድ ነው።

፫. የተማሪ ቃል ቍጥር ሲሆን

ሁለተኛው መንገድ በብሪታንያ የተሞከረው ነው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በመጨረሻ ዓመት ላይ ያሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ ስለ ትምህርታቸው በአንድ ብሔራዊ መጠይቅ ይጠየቃሉ፤ ውጤቱም አመልካቾች እንዲጠቀሙበት ይፋ ይደረጋል። ይህ አሠራር ከላይ የተጠቀሰውን የመጀመሪያ ጉድለት በብዙ ያቃልላል። ሁሉም ይጠየቃል፤ ከተጠየቁት ግማሽ ያህሉ ካልመለሱም ውጤቱ አይታተምም።

ይሁን እንጂ ሌላ ችግር አስከተለ። የተማሪው መልስ ለተቋሙ ክብርና ገቢ የሚተርፍ ሲሆን ተቋሙ መልሱን ለመጠምዘዝ ይፈተናል። በ2008 በለንደን አካባቢ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተማሪዎቻቸውን «ዝቅ ያለ ውጤት ብትሰጡን የእናንተም ዲግሪ ዋጋ ያጣል» በሚል መንፈስ ሲመክሩ የተቀረጸ ድምፅ ወጣ፤ የትምህርት ክፍሉም ከዚያ ዓመት ውጤት ውስጥ ተሰረዘ። በ2017 ደግሞ ውጤቱ ተቋማት የትምህርት ክፍያ ለመጨመር ከሚያስችላቸው ምዘና ጋር በመያያዙ የተማሪዎች ማኅበር መጠይቁን እንዳይሞሉ አባሎቹን አሳሰበ፤ ኦክስፎርድንና ኬምብሪጅን ጨምሮ አንዳንድ ተቋማት በቂ መልስ ሳያገኙ ቀሩ። በ2023 በእንግሊዝ «በአጠቃላይ ረክተሃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከመጠይቁ ወጣ።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ምስክር ቃሉን ሲሰጥ የራሱ ጥቅም ወይም ጉዳት በቃሉ ላይ ከተንጠለጠለ ቃሉ ይበላሻል። በእነዚያ የመማሪያ ክፍሎች የተቀመጡት ተማሪዎች ሲናገሩ ሐሰተኞች ስለ ሆኑ አይደለም፤ የተጠየቁት ስለ ተቋሙ ሳይሆን ስለ ራሳቸው የወደፊት ዕድል ስለ ሆነባቸው ነው።

፬. ተማሪ የሚያውቀውና የማያውቀው

የተማሪ አስተያየት ምን ያህል ይታመናል የሚለው ጥያቄ በምርምር ከተነሣ ወደ አንድ መቶ ዓመት ይጠጋል። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ኸርማን ሬመርስና ባልደረባቸው ተማሪዎች መምህራንን የሚመዝኑበትን ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1927 አወጡ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ብዙዎች ናቸው፤ ከእነዚህ ሦስቱን ብቻ መጥቀስ ለዚህ ጽሑፍ ይበቃል።

የመጀመሪያው በ1973 የታተመውና «የዶክተር ፎክስ ንግግር» እየተባለ የሚጠራው ሙከራ ነው። ተመራማሪዎች አንድ ተዋናይን ሊቅ አስመስለው፣ በማር የተለወሰ ነገር ግን ፍሬ የሌለውና እርስ በርሱ የሚቃረን ንግግር ለሕክምና ትምህርት ባለሙያዎች እንዲያቀርብ አደረጉ። አድማጮቹ የተማሩ ሰዎች ሳሉ ንግግሩን በአመዛኙ አደነቁ። ሁለተኛው በአሜሪካ አየር ኀይል አካዳሚ ተደርጎ በ2010 የታተመው ነው። በዚያ ተማሪዎች ለመምህራን የሚደለደሉት በዕጣ ስለ ሆነ ጥናቱ ጠንካራ ነው። በመጀመሪያው የሒሳብ ኮርስ ከፍ ያለ ውጤት ያስገኙ መምህራን በተማሪዎቻቸው የተወደዱ ሲሆኑ፣ ተማሪዎቻቸውን ለቀጣዮቹ ኮርሶች ይበልጥ ያዘጋጁት ግን በአመዛኙ ዝቅ ያለ ግምት የተሰጣቸው ነበሩ። ሦስተኛው ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠናቀረ ነው። በ1981 ፒተር ኮኸን ያደረገው እንዲህ ያለ ጥናት በተማሪ ግምገማና በተማሪ ዕውቀት መካከል መካከለኛ ዝምድና መኖሩን ሲያሳይ፣ ኡትልና ባልደረቦቹ በ2017 ያቀረቡት ደግሞ የቀደሙት ጥናቶች በትናንሽ ናሙናዎች ላይ የተመሠረቱ መሆናቸውን አሳይቶ ዝምድናው ከምንም የማይቆጠር ነው ሲል ደመደመ።

እነዚህን ውጤቶች ይዞ «እንግዲያው ተማሪን መጠየቅ ከንቱ ነው» ማለት ችኩልነት ነው። ጥናቶቹ ያፈረሱት ተማሪውን በዳኛ ወንበር ያስቀመጠውን ቅጽ ነው። «መምህሩ ከ5 ስንት ያገኛሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ፣ ምን ያህል እንደ ተማረ ገና ሳያውቅ እንዲፈርድ ተገድዷል። «መምህሩ በዚህ ሴሚስተር ስንት ክፍለ ጊዜ ቀሩ? የጻፍከው ሥራ ታርሞ በስንት ቀን ተመለሰልህ? በቤተ ሙከራ በእጅህ የሠራኸው ስንት ጊዜ ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ግን የሚያውቀውን ተጠይቋል። ተዋናዩን ያደነቁት አድማጮች የንግግሩን ጥልቀት ለመለካት ባይችሉም፣ ንግግሩ በስንት ሰዓት እንደ ተጀመረና ጥያቄ ለመጠየቅ ዕድል እንደ ተሰጣቸው መናገር አይሳናቸውም ነበር።

፭. በእኛ ዘንድ

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ተማሪ መምህሩን በቅጽ መገምገሙ የተለመደ አሠራር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ግምገማ የሚሄደው ወደ መምህሩ የግል ማኅደር ነው፤ ወደ አመልካቹ አይደርስም። አመልካቹ በበኩሉ ምርጫ የለውም ማለት አይደለም። ብሔራዊ ፈተናውን ያለፈ ተማሪ በአመዛኙ በሚኒስቴሩ የሚደለደል ቢሆንም የዩኒቨርሲቲዎችን ስም በቅደም ተከተል የሚሞላው ራሱ ነው። ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ወይም ወደ ግል ኮሌጅ የሚገባው ደግሞ በቀጥታ ይመርጣል፤ በግል ኮሌጅ የሚማረው የቤተሰቡን ጥሪት ይዞ ነው። የዕውቅና ፈቃድ ተቋሙ እንዲያስተምር መፈቀዱን ይነግረዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም ስንቱ እንዳለፈ ሊነግረው ይችላል። እንዴት እንደሚማርና እንዴት እንደሚኖር የሚነግረው ግን ከተማሪ ወሬ በቀር የለም።

በዚህ ረገድ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከራሱ ሥራ አንድ ነገር መናገር ይገደዳል። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ፣ ለአዲስ አመልካቾች የሚሰጥ መግለጫ እንዲያዘጋጅ ከተቋቋመው ኮሚቴ አንዱ አባል ነበር። ለመግለጫው እንዲረዳ የመጨረሻ ዓመት ሠልጣኞች ስማቸውን ሳይጽፉ በአንድ ገጽ «ወደዚህ ለሚመጣ ታናሽህ ምን ትነግረዋለህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲሰጡ ተደረገ።

መልሶቹ ከጠበቅነው ይልቅ ሚዛናዊ ነበሩ። አንዱ የሒሳብ መምህራን ከክፍል ውጭም ሳይሰለቹ እንደሚያስረዱ፣ ሌላው ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት እንደሚከፈትና ሠራተኞቹ ትሑታን እንደሆኑ ጽፎ ነበር። አንዲት ሠልጣኝ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራው እንግዳ ሲመጣ ብቻ እንደሚከፈት ጻፈች። ከአምስት የማያንሱት ደግሞ ስለ ትምህርት ቤት ልምምድ ተመሳሳይ ነገር ተናገሩ፤ ከተመደቡባቸው ትምህርት ቤቶች ሁለቱ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል እንደሚያስኬዱ፣ የኮሌጁም ተቆጣጣሪ እስከ መጨረሻው ሳምንት እንዳልመጣ ገለጹ።

ኮሚቴው ምስጋናውን አስቀርቶ ወቀሳውን ጣለ። ቀይ እርሳሱን የያዘው የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ነበር። ምክንያቱ «የኮሌጁን ስም መጠበቅ» ተባለ። ስለ ልምምዱ በመግለጫው የታተመው ዐረፍተ ነገር «በአካባቢው በሚገኙ ትምህርት ቤቶች ይከናወናል» የሚል ነበር። ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም፤ «አካባቢ» ሰፊ ቃል ነው።

በሚቀጥለው ዓመት አንዲት የሚያጠባ ልጅ ያላት ሠልጣኝ በልምምዱ ወራት መካከል ትምህርቷን ልታቋርጥ ወደ ቢሮ መጣች። ከሌላ ኮሌጅ ይልቅ ይህን የመረጠችው ልምምዱ በቅርብ መሆኑን አንብባ ነበር። መግለጫውን ከቦርሳዋ አውጥታ ዐረፍተ ነገሩን በጣቷ እያሳየች «ጋሼ፣ ይህን የጻፈው ማን ነው?» ስትል ጠየቀች። «እኔ ነኝ» የሚል መልስ አላገኘችም። የመሰናበቻ ቅጹን ሞልታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ በነበረው ዓመት ዐረፍተ ነገሩ ተለወጠ፤ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ያላቸው ርቀት ተጻፈ። ጽሑፉ ለፊርማ ሲቀርብ የኮሌጁ አስተዳደር «ይህን ከምናትም ለምን አናስተካክለውም?» የሚል ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሣ። ከሁለቱ አንዱ በሌላ ቅርብ ትምህርት ቤት ተተካ፤ ሁለተኛው እስከ ዛሬ ሩቅ ነው። ነገር ግን አመልካቹ ርቀቱን አውቆ ይመጣል።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ ለእኛ የሚበጀው የአሜሪካንን መጽሐፍ ወይም የብሪታንያን መጠይቅ እንዳለ መቅዳት አይደለም። የሠልጣኞቹ አንድ ገጽ ከሁለቱም ይልቅ ለአመልካቹ ይጠቅም ነበር፤ ያከሸፍነውም እኛው ነን። በእኛ ተቋማት ለግልጽ አስተያየት ዋነኛው እንቅፋት የተማሪው አለማወቅ ሳይሆን የአዘጋጁ እርሳስና የተማሪው ፍርሃት ነው። ቅጹ መምህሩ ቆሞ ሳለ ይታደላል፤ የአምሳ ተማሪ የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል፤ የሴሚስተሩ ውጤትም ገና አልተሰጠም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የተጻፈ «በጣም ጥሩ» ሁሉ ከምስክርነት ሊቆጠር አይገባውም።

ማጠቃለያ

ከላይ በቀረበው ምርመራ መሠረት የሚከተሉት ሐሳቦች ለውይይት ቀርበዋል።

ሀ. ተማሪ የሚጠየቀው ስላየውና ስለ ኖረበት ነገር እንጂ ስለ ተቋሙ ደረጃ አይሁን። ስለ ትምህርቱ ጥልቀት የሚጠየቁት ከተመረቁ ሁለትና ሦስት ዓመት የሆናቸው፣ በክፍል ውስጥ ያስተማሩ የቀድሞ ሠልጣኞች ቢሆኑ ይመረጣል።

ለ. መልሱ የሚሰበሰበው ውጤት ከተሰጠ በኋላ፣ መምህሩ ባልሆነ ሰው አማካይነት፣ ያለ ስም ይሁን። ለመምህሩ ዕድገት ወይም ለተቋሙ በጀት መመዘኛ ከሚሆነው ግምገማ ጋር አይቀላቀል።

ሐ. ትምህርታቸውን ያቋረጡ ተማሪዎች በሚሰናበቱበት ጊዜ በአንድ አጭር ገጽ ይጠየቁ። ይህ ከሬጅስትራር ቢሮ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ብቻ ይጠይቃል።

መ. ሲታተም ስንት ሰው ተጠይቆ ስንቱ እንደ መለሰና በየትኛው ዓመት እንደ ሆነ ይገለጽ። ኮሌጁ በአስተያየቱ የማይስማማ ከሆነ መልሱን ከጎኑ ያትም፤ የተማሪውን ቃል ግን አይሰርዝ። ስም የሚያጠፋ ወይም ሰውን ለይቶ የሚዘልፍ ቃል ብቻ ይውጣ።

ሠ. የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ተማሪዎቻቸውን የሰሙትን እንዲመረምሩ ያለማምዷቸው። «ይህን የነገረህ ማን ነው? በየትኛው የትምህርት ክፍል ተማረ? መቼ? በዐይኑ ያየው ነው ወይስ እርሱም የሰማው?» የሚሉት አራት ጥያቄዎች በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ኮሌጅ ለመምረጥም ሆነ ለሌላ ነገር ያገለግላሉ።

እነዚህ ሐሳቦች ብዙ ወጪ አያስከትሉም። የሚጠይቁት ተቋሙ ስለ ራሱ ደስ የማያሰኝ እውነት በራሱ ማኅተም ለማውጣት ፈቃደኛ እንዲሆን ነው። ይህም ከገንዘብ የበለጠ እንደሚከብድ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከራሱ ያውቃል። በየኮሌጁና በየትምህርት ቢሮው ያሉ ባልደረቦች ይህን የመሰለ ሙከራ አድርገው እንደሆነ፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም በዚሁ መጽሔት ቢያቀርቡት ውይይቱን ወደ ፊት ይገፋዋል።